ዳይኪሪ ስትሠሩ በረዶው ላይ አትቆጥቡ
የኩባው ኮክቴል ዳይኪሪ ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ራም (ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራ የአልኮል መጠጥ)፣ 30 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የስኳር ሽሮፕ። ሽሮፑን በእኩል ስኳርና ውሃ አሟሙታችሁ አቀዝቅዙት፤ ደረቅ ስኳር ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ሳይሟሟ ከሥር ይቀራል። ሎሚዋ ያችው ትንሿ፣ ቆዳዋ ስስ የሆነችው የእኛዋ ሎሚ ናት። የምትጨመቀውም በዚያው ሰዓት ነው፤ ያደረ ጭማቂ መራራ ይሆናል።

ሦስቱን ሼከር (ክዳን ያለው የብረት መናጫ) ውስጥ ጨምራችሁ፣ በትልልቅ በረዶ ሞልታችሁ ከ10 እስከ 12 ሰከንድ በኃይል ናጡት፤ ብረቱ ከውጭ ነጭ ውርጭ ሲይዝና ጣት ሲያቃጥል ደርሷል። ደቃቅ ወይም መቅለጥ የጀመረ በረዶ ግን መጠጡን ያቀጥነዋል። ብዙ ሰው ያኔ ራም ይጨምራል፤ አይረዳም፣ ውሃ ገብቶበታል። ፍሪዘር ውስጥ በቆየ ብርጭቆ አጥልላችሁ ቅዱት። ከኮመጠጠ ተጨማሪ 5 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ይበቃዋል።