በሁለት ትምህርት ክፍሎች መካከል የሚሠራ የመመረቂያ ፕሮጀክትና ኢንተርንሺፕ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁሉም የሚብሰው ሁለት ግማሽ ጽሑፍ ጽፎ አንድ ላይ መጠረዝ ነው። ምዕራፍ 3 የአየር ንብረት፣ ምዕራፍ 4 የሕዝብ ጤና፣ መጨረሻ ላይ «ሁለቱ ይያያዛሉ» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር። እንዲህ ያለው ሥራ ስንት ወር ተለፍቶበት ገምጋሚ ፊት ሲወድቅ ማየት ያሳዝናል። ርዕሱ ዝናብና ወባ ነው እንበል። የዝናቡ መረጃ የየቀኑ ነው፤ የጤና ጣቢያው ሪፖርት የየወሩ። ዝናቡን መጀመሪያ በወር ደምሩት። ከዚያ የአንድ ወር፣ የሁለት ወር የጊዜ ልዩነት እየሰጣችሁ (ለምሳሌ የሰኔን ዝናብ ከሐምሌ ወይም ከነሐሴ ሕሙማን ጋር) ከሕሙማኑ ቁጥር ጋር አስተያዩት፤ ውሃው ካቆረ በኋላ ትንኟ እስክትራባ፣ የወባው ፓራሳይት (በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ) በውስጧ እስኪጎለምስ፣ የተነደፈውም ሰው ታሞ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉና። ይህን ልዩነት የሚነግራችሁ የጤናው ትምህርት ነው፤ የዝናቡን ስሌት የሚሰጣችሁ የአየር ንብረቱ። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፊውን ገጽ ለዚህ ስጡት። አንዱን ትምህርት ብታወጡትም ጥያቄው የማይነካ ከሆነ ግን ፕሮፖዛሉ ሳይገባ ርዕሱን ቀይሩ።

ሁለቱን አማካሪዎች ለየብቻ ማነጋገር ሌላው ጣጣ ነው። አንዱ 300 መጠይቅ ይላል፣ ሌላው 12 ጥልቅ ቃለ መጠይቅ፤ ተማሪው ሁለቱንም ልሥራ ብሎ አንዱንም አይጨርስም። ናሙናው ሳይወሰን በፊት አንድ ላይ አስቀምጧቸው፤ የተስማሙበትን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለሁለቱም በኢሜይል ላኩ።

መጠይቁን መጀመሪያ 5 ሰው ላይ ሞክሩት።

ኢንተርንሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ) ላይ ያገኙትን መረጃ ሳያስፈቅዱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ማሰብ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ፈቃዱን በመጨረሻው ሳምንት ከጠየቃችሁ የሚፈርም ኃላፊ ላይገኝ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ደብዳቤ ይዛችሁ ግቡ፦ የትኛው መረጃ፣ የሰዎች ስም ከመረጃው እንዴት እንደሚሰረዝ፣ ጽሑፉን ማን ቀድሞ እንደሚያየው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ከፈቃዱ በፊት የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅ ብዙውን ጊዜ ከጥቅም ውጭ ነው።

የኢንተርንሺፕ የዕለት ማስታወሻችሁ ላይ «ስብሰባ ተካፈልኩ» ብላችሁ አትለፉ። ምን ተወሰነ፣ በየትኛው ቁጥር ተመሥርቶ፣ የእናንተ ሥራ የቱ ነበር? የግምገማ ቅጹንም ተቆጣጣሪያችሁ እረፍት ሳይወጣ አስሞሉት።

ለዲፌንስ (ጽሑፋችሁን ገምጋሚዎች ፊት ለምታቀርቡበት ቀን) ስትዘጋጁ ደግሞ የጤናውን ክፍል ለአየር ንብረቱ ሰው፣ የአየር ንብረቱን ለጤናው ሰው በ2 ደቂቃ፣ ያለ ሙያ ቃል ማስረዳትን ተለማመዱ።