የበሩ ቀዳዳ ከሳጥኑ እንዳይሸሽ፦ በፍሪካድ የተያያዙ ክፍሎችን አሰላለፍ መጠበቅ

ድሬዳዋ ውኃዋን ከሳቢያንና ከሌሎች ጉድጓዶች ስባ የምትጠጣ ከተማ ስለሆነች፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚያሠራ አይጠፋም። ትዕዛዙ ሲመጣ 400 በ500 ሚሊ ነው፤ ኢንቨርተሩ (የፓምፑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ተገዝቶ አልገባ ሲል 450 በ600 ይሁን ይባላል። በፍሪካድ፣ ማለትም በነጻው የኮምፒውተር ንድፍ ሶፍትዌር፣ በትክክል የተያያዘ ሞዴል ሁለት ቁጥር ተቀይሮለት ሁሉም ነገር ቦታውን ይይዛል። በዘፈቀደ የተያያዘው ግን በሩ ሲያድግ የማጠፊያው ቀዳዳ ሳጥኑ ላይ የቀድሞ ቦታው ይቀራል፣ ማራገቢያው ወደ ጥግ ይሸሻል፣ የበሩ ጎማ ከጠርዙ ውጭ ይወጣል።

መፍትሔው አንድ ነው፦ የእያንዳንዱ ቀዳዳ ቦታ አንድ ጊዜ፣ አንድ ስኬች (የመስመር ንድፍ) ላይ ብቻ ይጻፍ። በር፣ ሳጥንና ጎማ ከዚያ ያንብቡ እንጂ እርስ በርሳቸው አይነባበቡ። ይህን የጋራ ስኬች አጽም እንበለው።

መጀመሪያ ልኬቶቹን አንድ ቦታ ሰብስቡ። ፍሪካድ 1.0 (ኅዳር 2017፣ እ.ኤ.አ. 2024 የወጣው) ቫርሴት የሚባል የልኬት ማስቀመጫ አለው፤ ሰንጠረዥ የለመደ ስፕሬድሺት ይጠቀም። የበር ስፋት፣ የበር ቁመት፣ የላሜራ ውፍረት፣ የማጠፊያው ርቀት ከላይና ከታች፣ የማራገቢያው መሐል፤ ለመነሻ ይበቃል። ስሞቹን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት ስጡ። ስፕሬድሺት ላይ የሕዋስ አድራሻ የሚመስል ወይም የመለኪያ አሃድ የሆነ ስም ተቀባይነት የለውም።

ከዚያ ከየትኛውም ቦዲ (የአንድ ክፍል ጠጣር አካል) ውጭ፣ ቦዲዎቹን በሚሰበስበው የፓርት ማቀፊያ ውስጥ፣ የአጽሙን ስኬች በዋናው የፊት ፕሌን (ጠፍጣፋ ገጽ) ላይ ሥሩ። የበሩን ዙሪያ በመነሻ ነጥቡ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ሲሜትሪክ አድርጉት። ቀዳዳዎችን ከጠርዝ ሳይሆን ከመሐል መስመር ለኩ፤ በሩ ሲሰፋ ሁለቱም ወገን እኩል ይሄዳል። አንዱን ቀዳዳ ከሌላው ቀዳዳ እየለካችሁ በሰንሰለት አትሂዱ፤ መካከል ያለው አንዱ ሲቀየር ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይገፋሉ። ማጠፊያው ብቻ ከላይኛውና ከታችኛው ጠርዝ ይለካ፤ ቦታው በእውነትም ከጠርዙ ጋር የሚሄድ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። በኮንስትራክሽን (ለመርጃ ብቻ በሚሣል) መስመር የተሣለ ነገር የስኬቹ ቅርጽ አካል አይደለም፤ ወደ ሌላ ቦዲ ሲወሰድ አብሮ አይመጣም። ስለዚህ የቀዳዳ መሐል የምታመለክቱበትን በመደበኛ መስመር፣ በትንሽ ክብ ሣሉት። ክቡ ሲመጣ መሐሉም አብሮ ይመጣል።

ቀጥሎ የበሩን ቦዲ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ንቁ አድርጉት፣ አጽሙን ምረጡና በፓርት ዲዛይን የሥራ ገጽ ሳብ ሼፕ ባይንደር ፍጠሩ፤ ይህ የአጽሙን ቅርጽ ወደ ቦዲው የሚያመጣ፣ ዋናውን የሚከተል ቅጂ ነው። ለሳጥኑም ለጎማውም እንዲሁ። ተራውን ሼፕ ባይንደር አትምረጡ፤ ትሬስ ሰፖርት የሚባለው ምርጫ ካልበራለት የቦዲውን አቀማመጥ አይከተልም፣ ነባሪው ደግሞ ጠፍቶ ነው። በበሩ ውስጥ አዲስ ስኬች ስትከፍቱ በኤክስተርናል ጂኦሜትሪ የባይንደሩን ክቦች አምጡና የቀዳዳዎቹን መሐል በላያቸው አጣብቁ። ስኬቹ ሙሉ አረንጓዴ (ሁሉም ነገር ተገድቦ ሲያልቅ የሚይዘው ቀለም) እስኪሆን አትዝጉት። አጽሙን ያለ ባይንደር በቀጥታ ለመጥቀስ መሞከር ከወሰን ውጭ የወጣ ማያያዣ የሚል ስሕተት ያመጣል።

የልኬቶቹ ጉዳይ ይህን ይመስላል። ለ22 ሚሊ ቁልፍ የሚቆረጠው 22.3 ነው፤ ነገር ግን የዱቄት ቀለም በየጎኑ ከ0.06 እስከ 0.08 ሚሊ ስለሚጨምር 22.5 አስገቡ። 96 በ96 ለሆነ የፓኔል ሜትር 92 በ92፣ ሲበዛ እስከ 92.8። በግንቦት የድሬ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ማራገቢያ ግድ ነው፤ ብዙ ኢንቨርተር አቅሙ ሳይቀነስ የሚሠራው ሳጥኑ ውስጥ እስከ 40 ዲግሪ ነውና። የ120 ሚሊ ማራገቢያ አራት ቀዳዳዎች በ105 ሚሊ ካሬ ላይ ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዳቸው 4.5 ሚሊ። ካሬውን አጽሙ ላይ በመሐሉ ዙሪያ ሲሜትሪክ አድርጋችሁ ሣሉት፣ አራቱን ክቦች በኢኳል (መጠናቸውን እኩል በሚያደርገው ገደብ) አስተሳስሯቸው። መከላከያ ሽቦውና ማጣሪያው እነዚሁን ቀዳዳዎች ስለሚጋሩ ለእነርሱ ሌላ ስኬች አያስፈልግም። ለኤም5 ቡሎን 5.5፣ ሳጥኑ ላይ ጥርስ የሚወጣለት ከሆነ 4.2።

ፖኬት (ስኬቹን ተከትሎ የሚቆረጥ ቀዳዳ) ሲቆረጥ በሩ ላይ ጥልቀቱን 1.5 ብላችሁ አትጻፉ፤ ላሜራው ወደ 2 ሚሊ ሲቀየር ቀዳዳው ሳይበሳ ይቀራል። በሩ ላይ ስሩ ኦል (ሁሉንም አሳልፎ የሚበሳው ምርጫ) ትክክል ነው። ሳጥኑ ላይ ግን ስሩ ኦል የግራውን ግድግዳ በስቶ የቀኙንም ይበሳል፤ እዚያ ጥልቀቱን ከላሜራው ውፍረት ልኬት በ1 ሚሊ የሚበልጥ ቀመር አድርጉት።

ስኬችን በተቆረጠ ፊት ላይ መለጠፍ ዛሬም ያስቸግራል። ፍሪካድ ፊቶችን በቁጥር ይጠራል፤ ጠርዝ ክብ ስታደርጉ ቁጥሩ ይቀያየራል፣ ስኬቹም ወደማይመለከተው ፊት ይዘላል። 1.0 ይህን በእጅጉ ቀንሶታል፣ ፈጽሞ ግን አላጠፋውም። ከመነሻው ፕሌን ወይም ከልኬት ጋር ከታሰረ ዴተም ፕሌን (ራሳችሁ የምታስቀምጡት መነሻ ገጽ) መነሣት ይሻላል።

በጣም ግራ የሚያጋባው ግን በሩ ተከፍቶ እንዲታይ ሲፈለግ የሚመጣው ነው። የበሩን ቦዲ በማጠፊያው ላይ 90 ዲግሪ ስታዞሩት፣ አጽሙ ከሳጥኑ ጋር ቆሞ ይቀርና ባይንደሩ ያን አቀማመጥ አስልቶ ቀዳዳዎቹን ከበሩ ላይ ያሸሻቸዋል። ባይንደሩ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን ነው ያደረገው። ስለዚህ ክፍሎቹ ሁልጊዜ በተዘጋ በር አቀማመጥ ይሠሩ፤ ማሽከርከር ሲያስፈልግ የበሩን ሊንክ (ዋናውን የሚከተል ቅጂ) ወደ አሴምብሊ (መገጣጠሚያው) ወስዳችሁ ሊንኩን አዙሩት።

ቀዳዳው ልኬት ሲቀየር ካልተንቀሳቀሰ የባይንደሩን ባይንድ ሞድ ተመልከቱ፤ ፍሮዝን ላይ ከሆነ ቆሟል፣ ዲታችድ ላይ ከሆነ ከነጭራሹ ተቆርጧል። ዙሪያ ጥምጥም የሆነ ጥገኝነት የሚል ስሕተት ካያችሁ ደግሞ አጽሙ ከበሩ የሆነ ነገር እየወሰደ ነው፤ ያን ማያያዣ አጥፍታችሁ ቁጥሩን ወደ ልኬት ዝርዝሩ መልሱት።

ከመቁረጥ በፊት ስፋቱን 400፣ 450፣ 600 እያደረጋችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ወደ 300 አውርዱት። ስሕተቱ በአብዛኛው ሲያንስ ነው የሚወጣው፦ ማራገቢያውና የቁልፎቹ ረድፍ ይነካካሉ፣ ወይም ቀዳዳው ወደ እጥፋቱ ይጠጋል። የእጥፋቱ ውስጣዊ ራዲየስ 1.5 ሚሊ ከሆነ፣ ለ1.5 ሚሊ ላሜራ ከእጥፋቱ ውስጠኛ ገጽ እስከ ቀዳዳው ጠርዝ ቢያንስ 5.5 ሚሊ ተዉ፤ ከዚያ ካነሰ ሲታጠፍ ቀዳዳው ይለጠጣል።

ወደ ዲ.ኤክስ.ኤፍ. (የመቁረጫ ማሽን ወደሚያነበው የሥዕል ፋይል) ስታወጡ ፋይሉ ቁጥር ብቻ ሊይዝ ስለሚችል፣ የሚቆርጠው ማሽን ኢንች ብሎ ቢያነበው ሁሉም ነገር 25.4 እጥፍ ያድጋል። የበሩን ሙሉ ስፋትና የአንድ ቀዳዳ ዲያሜትር በሚሊ ጽፋችሁ ከፋይሉ ጋር ስጡ። በትራፓኖ የሚበሳ ከሆነ ስዕሉ በ1 ለ1 ይታተምና በላሜራው ላይ ይለጠፍ፤ አታሚው ከወረቀቱ ጋር አስማማ የሚለው ምርጫ ይጥፋ፣ 105 የተባለውም ከመብሳቱ በፊት በብረት ማስመሪያ ይለካ።