ሌዘሮቹ ተስማምተው ነበር፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ

ሦስት ቀን ሙሉ ያናደደኝን ነገር ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ፈታሁት። ጎንደር ላይ እውነተኛ ፋይበር ሌዘር (ብርሃኑን በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የሚያመነጭ ሌዘር) የለኝም፤ ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕና ፓይተን የሚባለው የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ነው። በፈረንጆቹ 1975 በወጣው የኩራሞቶ ሞዴል (የሚወዛወዙ ነገሮች ሲያያዙ እንዴት እኩል መራመድ እንደሚጀምሩ በሚያሰላ ቀመር) አራት የተያያዙ ሌዘሮችን ኮምፒውተር ላይ ሠራሁ። እያንዳንዱ ከብርሃኑ ትንሽ ለሌሎቹ ያካፍላል፣ ትስስሩ የድግግሞሽ ልዩነታቸውን ለማሸነፍ ከበቃ ሞገዶቻቸው እኩል ይራመዳሉ፣ ያኔ መሃል ላይ የሚያርፈው ብርሃን የአንዱን 4 ሳይሆን 16 እጥፍ ይሆናል። ልፋቱ ሁሉ ለዚህ ነው።

የኔዎቹ ግን እምቢ አሉ። ትስስሩን ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! በዚህ መሃል መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ ሴቭ አላደረግኩም ነበር፣ እሱን ተዉት።

በመጨረሻ የአራቱን ፌዝ (እያንዳንዱ ሞገድ በዙሩ ላይ የደረሰበት ቦታ፣ በራዲያን) አንድ በአንድ አየሁ፦ 0.05፣ 6.25፣ 0.02፣ 6.27። ጉድ! 6.28 እኮ አንድ ሙሉ ዙር ነው፣ ተመልሶ ዜሮ። አራቱም ጎን ለጎን ቆመዋል፤ እኔ ግን ተራ አማካይ ወስጄ 3.15 ገደማ አገኝና ሁሉም ከዚያ የራቁ ይመስሉኛል። ለ12 ሰዓት 5 ጉዳይንና 12 ከ5ን (12ን እንደ ዜሮ ቆጥሮ፣ 0 ከ5 ብሎ) ደምሮ ለሁለት አካፍሎ 6 ሰዓት እንደ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት መስመር ኮድ ነው። የፌዞቹን ኮሳይንና ሳይን ለየብቻ አማካይ ውሰዱ፣ ሁለቱን ስኩዌር አድርጋችሁ ደምሩ፣ ከዛ ስኩዌር ሩት። 1 ከሆነ ተስማምተዋል፣ ወደ 0 ከተጠጋ ተበታትነዋል።

የኔ 0.999 ወጣ። ቀጥሎ 20 ላደርጋቸው ነው፣ መብራት ከፈቀደ።