የበልግን ዝናብ በሃይላንድ መለካት

በደሴ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለሆነ፣ ተማሪዎቻችሁ ዝናብን በእጃቸው ለክተው እንዲማሩ የምትሹ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከየካቲት ጀምሮ የሚጥለውን የበልግ ዝናብ ብትጠቀሙ ይሻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከትከሻው በታች ይቆረጥና ላይኛው ክፍል ክዳኑ ወልቆ፣ አፉ ወደ ታች ተገልብጦ በታችኛው ውስጥ ይገባል። ሥሩ ወጣ ገባ ስለሆነ፣ ነፋስም እንዳይጥለው፣ ጠጠር ጨምሮ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውኃ መሙላትና ዜሮን እዚያው ማስመር ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘለለ ልኬቱ ሁሉ ይዛባል። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በየማለዳው ካነበቡ በኋላ ውኃውን ወደ ዜሮው መስመር መመለስ የተረኛ ተማሪ ሥራ ነው።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት በመሆኑ፣ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 50 ካሬ ሜትር በሆነ የክፍል ጣሪያ ላይ 500 ሊትር እንደሚወርድ ልጆቹ ራሳቸው ያሰላሉ። አራሽ የሆኑ ወላጆችን ጋብዛችሁ፣ አፈሩን ቆፍረው እርጥበቱ ለዘር ይበቃ እንደሆነ ለልጆቹ ቢያሳዩአቸው ደግሞ ሚሊ ሜትሩ ትርጉም ያገኛል።