አዲስ ተጋቢዎች በጅማ ለኮንዶሚኒየም ወይም ለማኅበር ቤት ሲመዘገቡ

በጅማ ከተማ ተከራይተው የሚኖሩ አዲስ ተጋቢዎች በመንግሥት ድጋፍ የቤት ባለቤት የሚሆኑባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የምንለው የጋራ መኖሪያ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በቤት ሠሪ የኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ቦታ መረከብ ነው። የሁለቱም ምዝገባ የሚከፈተው ማስታወቂያ ሲወጣ ብቻ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜም አጭር ስለሚሆን ወረቀት ማሟላት ያለበት ሰው አስቀድሞ መጀመር አለበት። እኔና ባለቤቴ በሂደቱ ስናልፍ እንዳየነው፣ ብዙ አመልካች ዕጣው ሳይደርስ ገና በፋይሉ ይወድቃል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ባልና ሚስት እንደ አንድ አመልካች የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። ሁለቱም በየፊናቸው ቢመዘገቡ ዕድላቸው የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ሲጣራ ሁለቱም ምዝገባዎች ሊሰረዙ ይችላሉ። ስለዚህ በማን ስም እንደሚመዘገቡ ተነጋግረው መወሰን ይገባቸዋል። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት፣ ውሳኔው የመተማመን ጉዳይ ሊሆን አይገባም፤ የማን ማስረጃ የተሟላ ነው የሚለውን መመልከት ይበቃል። ባለቤቴ አጋሮ ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር የነዋሪነት መታወቂያዋ የዚያው ነበር፤ እኔ ደግሞ በጅማ የቆየሁ ነዋሪ በመሆኔ ያለ ብዙ ክርክር በእኔ ስም ተስማማን። ሆኖም ቤትና ቦታ የሌላት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከአጋሮም ጭምር ማምጣት አስፈልጓታል። ከሌላ ከተማ ወይም ወረዳ የመጣ የትዳር ጓደኛ ያለው ሰው ይህንን ማስረጃና ከቀድሞው ቀበሌ የሚሰጠውን መሸኛ በመጨረሻው ሳምንት አገኛለሁ ብሎ ባይተማመን ጥሩ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑ ማኅተሙም ከእርሳቸው ጋር ስብሰባ ነው።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግዴታ ነው። በሽማግሌ የተጋቡም ሆኑ በመስጊድ ወይም በቤተ ክርስቲያን የተጋቡ ሁሉ ጋብቻቸውን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል።

በጅማ ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚያንከራትተው የስም አጻጻፍ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ የቀበሌው ማስረጃ በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ይጻፋል፤ የባንክ ደብተሩና የፋይዳ መታወቂያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ይከተላሉ። ጣሂር የተባለ ሰው ስሙ በቁቤ በኤክስ ይጀምራል፣ በባንኩ ደብተር ግን በቲ። ሰውየው አንድ ቢሆንም ስሙን የሚያመሳክረው ሠራተኛ ሁለት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። መታወቂያውን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የባንክ ደብተሩንና ፋይዳውን ጎን ለጎን ዘርግቶ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ ልዩነት ከተገኘም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ማሳረም ያስፈልጋል። ማሳረም የማይቻል ከሆነ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌው ማጻፍ ይረዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ አንድ ሰው በአዲስ አበባው አሠራር ብቻ ባያሰላ ይሻላል። የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ቆይቶ ጅማን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል፤ ሁላችንም የምንጠቅሳቸው 10/90፣ 20/80 እና 40/60 (የቅድመ ክፍያው መቶኛ ከብድሩ ጋር) ግን ከ2005 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ምዝገባ ጋር የተያያዙ ናቸው። በጅማ የሚሠራው በማስታወቂያው ላይ የሰፈረው መቶኛ ነው። ስሌቱን ለመረዳት ያህል፣ የቤቱ ዋጋ 500,000 ብር ነው ብንልና ቅድመ ክፍያው 20 በመቶ ቢሆን፣ ተመዝጋቢው 100,000 ብር ቆጥቦ ቀሪውን 400,000 ብር ከባንክ ይበደራል። ይህ ብድር በ20 ዓመት ቢመለስ ዋናው ገንዘብ ብቻውን በወር ወደ 1,667 ብር ይደርሳል፤ ወለዱ በዚያ ላይ ይታከላል። ከምዝገባ እስከ ርክክብ ባሉት ዓመታት የግንባታ ዋጋ ስለሚንር ዝቅተኛውን ብቻ የቆጠበ ሰው ልዩነቱን በአንድ ጊዜ አምጣ ሊባል ይችላል። እኛ የዕቁባችንን ዕጣ ሙሉ በሙሉ ወደ ቁጠባው አስገብተናል፤ ዕቁብ በእጅ ሲያዝ የት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም።

የማኅበሩ መንገድ ከዚህ ይለያል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚሰጥ የደነገገ ሲሆን፣ ማኅበራት ቦታ የሚያገኙት በምደባ ነው። አባላቱ ከግንባታው ወጪ የተወሰነውን መቶኛ በዝግ ሂሳብ ያስቀምጣሉ፤ ይህ ገንዘብ ያለሚመለከተው አካል ፈቃድ አይንቀሳቀስም። በእኔ አስተያየት ቋሚ ደመወዝ ያላቸው የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ለዚህ መንገድ ይመቻሉ፤ ገቢያቸው የሚዋዥቅ ባለትዳሮች ግን አንድ አባል መክፈል ሲያቆም የሌላው ግንባታም ስለሚጓተት በጥንቃቄ ቢያስቡበት መልካም ነው። ማኅበሩ በኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ መሆኑን በዓይን ሳያዩ ለማንም መዋጮ መስጠት አይገባም። «የሞተ ሰው ተራ አለ፣ ስሙን አዛውርላችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ንግግሩን እዚያው መቁረጥ ነው።

ማመልከቻው ሲገባ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ መቀበል፣ የእያንዳንዱን ወረቀት ቅጂም ቤት ማስቀረት ያስፈልጋል። የተመዝጋቢዎች ዝርዝር ሲለጠፍ ስሙ የተዛባ ወይም የቀረ ሰው በማስታወቂያው በተሰጠው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት፤ የቃል አቤቱታ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ዕጣ የወጣላቸው ባለትዳሮች ቁልፍ ከመረከባቸው በፊት ቤቱን ቢቻል ዝናብ ከጣለ ማግስት ሄደው ይመልከቱት። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ በመጨረሻው ፎቅ የኮርኒሱን ጥግ፣ በምድር ቤት ደግሞ የግድግዳውን እግርና የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን ማየት ተገቢ ነው። ጉድለት ከተገኘ በርክክብ ቅጹ ላይ ማስጻፍ፣ ከዚያም የውሃና የመብራት ቆጣሪዎቹን ንባብ በዚያው ቅጽ ላይ አስመዝግቦ መፈረም ይቻላል።