የደም ስቴም ሴል ምን እንደሚሆን ማን ይወስናል? እየሳላችሁ ያዙት

ስም በመሸምደድ አትጀምሩ፣ ወረቀት አውጡና መሃል ላይ አንድ ክብ ሳሉ፣ እሱ የአጥንት መቅኔ ውስጥ ያለው ስቴም ሴል ነው፣ ሁሉም ዓይነት የደም ሴል የሚወጣው ከሱ ነው። አጠገቡ ሲኤክስሲኤል-12 ብላችሁ ጻፉ፣ ሴሉ ከቦታው እንዳይወጣ የሚይዘው ፕሮቲን ነው።

ከዛ ሁለት ቀስት አውጡ፣ አንዱ ላይ ጋታ-1 ሌላው ላይ ፒዩ-1። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ በሉ፣ ሁለቱም ዲኤንኤ ላይ ተቀምጠው ጂን የሚያበሩና የሚያጠፉ ፕሮቲኖች ናቸው፣ ጋታ-1 ካየለ ወደ ቀይ የደም ሴልና ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው)፣ ፒዩ-1 ካየለ ወደ ነጭ የደም ሴሎቹ፣ ደግሞ እርስ በርስ ተያይዘው አንዱ የሌላውን ስራ ያግዳል፣ እና በመሃላቸው የማገጃ መስመር አድርጉ። መጠኑም ራሱ ለውጥ አለው፣ ፒዩ-1 በዛ ሲል ማክሮፌጅ የሚባለው ጀርም ዋጭ ሴል፣ አነስ ሲል ፀረ እንግዳ አካል የሚሰራው ቢ ሴል (እኔን የገረመኝ ይሄ ነው)።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤሪትሮፖይቲን የሚባለው ሆርሞን ላይ ነው። ከኩላሊት መጥቶ በዋናነት ቀይ ለመሆን የጀመሩትን ሴሎች እንዳይሞቱ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚህ ቀስቱን መሃል ክቡ ላይ ሳይሆን ቀዩ መንገድ ላይ አስገቡት። ከጉበት የሚመጣው ትሮምቦፖይቲን የሚባለው ሆርሞን ግን ፕሌትሌት ማብዛት ብቻ አይደለም፣ ስቴም ሴሉንም ያቆየዋል፣ ለሱ ሁለት ቀስት ያስፈልጋችኋል።