አሮጌ ኮሮላ ላይ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እንዴት ይቀየራል? (ውሃ ብቻ እየሞላችሁ ለምትነዱ)

አዲስ አበባ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ ላዲያተር ላይ የቧንቧ ውሃ የሚሞላ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። ግን እኛ ያለነው ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚህ ውሃ ክዳን በሌለው ድስት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ 100 እስኪደርስ አይጠብቅም። የብዙ ቶዮታዎች ተርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ላዲያተር የሚያሳልፈው ቫልቭ) ደግሞ የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ በሚሰራበት ሙቀትና በመፍላት መሃል ያለችው ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ናት፣ እሷን የሚያሰፋላችሁ አንድ የላዲያተር ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ሁለት ኩላንቱ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይ 1.1 የሚል ቁጥር አለ አይደል፣ ግፊቱ ማለት ነው፣ ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 በላይ ይገፋዋል። ክዳኑን ገልብጣችሁ ላስቲኩን እዩት፣ ከደረቀ ወይ ከተሰነጠቀ አብራችሁ ቀይሩት፣ አዲሱም ያው ቁጥር ይኑረው። ኩላንት ገዝቶ በክዳን መሰሰት ለኔ አይገባኝም።

ኩላንት ስትገዙ ቀለም አትመኑ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝ የሚሆነው ፋብሪካው ማቅለሚያ ስለጨመረበት ነው እንጂ አይነቱን በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ጀሪካኑ ላይ ለምን አይነት መኪና እንደሆነ አንብቡ፣ በተለይ ደግሞ ንጹህ ኮንሰንትሬት (ውሃ ያልገባበት) ይሁን ቀድሞ በውሃ የተበጠበጠ አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሰሩ ኮሮላዎች በጠቅላላው 5 እስከ 6 ሊትር ገደማ ይይዛሉ (ልኩ የመኪናው ማኑዋል ላይ አለ)፣ ግማሹ ኮንሰንትሬት ግማሹ ዲስትልድ ዋተር (ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ) ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ላዲያተሩ ውስጥ እንደ ጀበና ቂጥ እየጋገረ ቀጫጭኖቹን መተላለፊያዎች ይደፍናቸዋል፣ አልሙኒየሙን ቴስታታም (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ይበላዋል። ዲስትልድ ዋተሩን ባትሪ የሚሰሩ ሰዎች ጋር ታገኛላችሁ፣ ግን እዛው አሲድም ስለሚሸጡ ምን እንደሰጧችሁ ጠይቁ!

ስራውን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ጀምሩ፣ ባይሆን ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊት ያቃጥላል፣ ጨርቅ አድርጌ እከፍታለሁ ምናምን አይሰራም። ከዛ የሂተሩን መቆጣጠሪያ ሙቅ ላይ እስከመጨረሻው አድርጉት፣ አሮጌ ኮሮላ ላይ ቀዝቃዛ ላይ ከሆነ የሂተሩ ቫልቭ ስለሚዘጋ አሮጌው ኩላንት እዛው ውስጥ ይቀራል። ክዳኑን ክፈቱ፣ ከስር ሰፊ ሳፋ አድርጉ፣ ላዲያተሩ ታች ጥግ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ማፍሰሻ ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሯት። ያረጀ ፕላስቲክ ነው፣ እንቢ ካለ በፒንሳ አትታገሉት ይሰበራል፣ በቃ የላዲያተሩን የታችኛውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ማሰሪያውን አላልታችሁ ንቀሉት። ሞተሩ ራሱ ላይም ማፍሰሻ ብሎን አለ ግን ዝጎ ከተጣበቀ ተዉት፣ በእጥበቱ ይካካሳል። ሪዘርቭ ታንኩንም (ከላዲያተሩ ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘውን የፕላስቲክ መጠባበቂያ) አውጥታችሁ እጠቡት፣ ታች የሚተኛው ጭቃ እዛ ነው የሚከማቸው።

አሁን ማፍሰሻውን ዘግታችሁ ንጹህ ውሃ ሙሉ፣ ሞተሩን አስነሱና ከላዲያተሩ ጋር የተያያዙት ሁለቱም ትልልቅ የጎማ ቱቦዎች እስኪሞቁ ጠብቁ። ሁለቱም ሞቁ ማለት ተርሞስታቱ ተከፍቶ ውሃው እየዞረ ነው ማለት ነው። አጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ (እዚህ ጋ ነው ሰው የሚቸኩለው)፣ አፍስሱ። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ድገሙት፣ የመጨረሻውን ዙር ብቻ በዲስትልድ ዋተር አድርጉት።

ሳልረሳ፣ አንዳንድ መካኒክ መኪና ሲሞቅ ተርሞስታቱን አውጥቶ ይጥልና «በቃ አሁን አይፈላም» ይላችኋል። እሺ አትበሉ፣ ሞተሩ በትክክለኛ ሙቀቱ መስራት ያቆማል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዋናው በሽታም ማለትም የተደፈነው ላዲያተር ወይ ያለቀው የውሃ ፖምፓ እዛው ነው፣ ዓባይ በረሃን ወደ ደጀን ስትወጡ ያኔ ይታያችኋል።

ስትሞሉ ኮንሰንትሬቱን አስቀድሙ። ምክንያቱም ላዲያተሩን ብታፈሱም ሞተሩ ውስጥ የእጥበቱ ውሃ ይቀራል፣ ቀድሞ የተበጠበጠ ከሞላችሁ በጣም ይቀጥናል። 6 ሊትር የሚይዝ ከሆነ 3 ሊትር ኮንሰንትሬት አግቡና የቀረውን በዲስትልድ ዋተር ሙሉት፣ ግማሽ የተቆረጠ ሀይላንድ ተገልብጦ መሙያ ይሆናል። ቀስ እያላችሁ።

ቀጥሎ ያለው አየር ማስወጣት ነው፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እሱን ነው። መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ዳገት ላይ አቁሙት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት አይጠፋም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ የመኪናው ጎማ ስርም ድንጋይ ይግባ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ይነሳ፣ ሂተሩ ሙቅ ላይ እንዳለ ነው። አረፋ ሲወጣ ደረጃው ይወርዳል፣ እየጨመራችሁ ሂዱ፣ የላይኛውን የላዲያተር ቱቦ በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ አልፎ አልፎ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ እጅና ልብስ ከቬንትሌተሩ (ላዲያተሩን ከሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ) ራቅ ይበል። ኩላንቱ ሞቆ ገንፍሎ መፍሰስ ከጀመረ አጥፉት፣ ሲረጋና ሲቀዘቅዝ ትቀጥላላችሁ። ቬንትሌተሩ አንዴ ተነስቶ ከቆመ፣ ሂተሩም ትኩስ አየር ከሰጠ አልቋል፣ ክዳኑን ዝጉና ሪዘርቭ ታንኩን በሁለቱ ምልክቶች መሃል አድርጉት። ሂተሩ ቀዝቃዛ እየነፋ የሙቀት ጌጁ ከወጣ ግን ውስጥ አየር አለ፣ ቶሎ አጥፉትና ሲቀዘቅዝ ድገሙት።

ያፈሰሳችሁትን ኩላንት ዝም ብላችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ግቢ ውስጥም በሳፋ አትተዉት። ውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ ደግሞ ይጣፍጣል፣ ውሻም ልጅም ይቀምሰዋል። በሀይላንድም አታስቀምጡት፣ ጠጪ አያጣም። ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ አድርጋችሁ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍታችሁ ደረጃውን እዩ፣ ትንሽ መውረድ ያለ ነው ሙሉት። በየቀኑ የሚወርድ ከሆነ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ፣ ቱቦዎቹን፣ ፖምፓውንና በሂተሩ በኩል ምንጣፉ ስር ፈትሹ። ምንም ሳያፈስ እየጎደለ፣ ላዲያተሩ ውስጥ አረፋው አላቆም ካለ ወይ የሞተር ዘይቱ ነጭ ነጭ ሆኖ ወተት ከመሰለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ቴስታታውና የሞተሩ ብሎክ መሃል ያለው ማሸጊያ) የተበላሸ ሳይሆን አይቀርም፣ በዛ ሁኔታ አትንዱት፣ አስጎትታችሁ ጋራዥ ውሰዱት።